ጆሮ ያለው ዘይት

ልጅ ሆኜ ከእናቴ ጋር ወደ ደሴ ስንሄድ ጣርማ በር ዳገት ላይ «ይሄ አውቶብስ ሊቆም ነው መሰለኝ» አልኩ። እናቴ ጭኔን ቆነጠጠችኝ። «አታሟርት! አፍህን በዳቦ አብሰው!»

አስር ደቂቃ ሳይሞላ አውቶብሱ እየተንተፋተፈ ቆመ። ረዳቱ ወርዶ ጎማው ስር ድንጋይ ሲያስገባ፣ ከኋላችን የተቀመጡ ሽማግሌ በከዘራቸው እየጠቆሙ «ይሄ ነው ያሟረተብን» አሉ። መኪናው ሙሉ ዞሮ አየኝ። ሞተሩ እንደ ጀበና ሲጨስ አይቼ እንደተናገርኩ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

ነገሩ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። አውቶብስ ጆሮ የለውም። ዝናብም የለውም። ሜትዎሮሎጂ «ነገ ይዘንባል» ስላለ ደመናው «እንግዲህ ተብሏል፣ ሰው ከማሳፍር ልዝነብ» አይልም። ግን እዚህ ዓለም ላይ ጆሮ ያላቸው ነገሮች አሉ። ዘይት አንዱ ነው።

አንድ ቅዳሜ እትዬ ቤት ቡና ተጠራን። (ስማቸውን አልጽፍም፤ የሚቀጥለው ቅዳሜም ቡና እፈልጋለሁ።) አቦሉ ተጠጣ። ቶናው ሊቀዳ ሲል እትዬ ነጠላቸውን አስተካከሉና «ዘይት ሊጠፋ ነው አሉ» አሉ።

«ማን አለ?»

«አሉ ነዋ!»

ይህን «አሉ» የሚባል መሥሪያ ቤት ታውቁታላችሁ። ቢሮው የት እንደሆነ፣ ማን እንደሚመራው አይታወቅም። መግለጫ ሳይሰጥ ግን ውሎ አያድርም። እርማት አውጥቶም አያውቅም።

ቤቱ ጸጥ አለ። መጀመሪያ አንዷ ተነሳች። «ልጄ ከትምህርት ቤት ሊመጣ ነው» አለች። ቅዳሜ ከሰዓት ነው እኮ! ሌላዋ ድስት ጥዳ እንደመጣች ትዝ አላት። ፈንዲሻው ሳይነካ ቀረ። በረካው ለማን እንደተቀዳ እንጃ።

እኔ የተማርኩ ሰው ስለሆንኩ አልደነገጥኩም። ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ወሬው ውሸት ነው፤ ጠዋት ሱቁ ውስጥ ዘይት እስከ ጣሪያ ተደርድሮ በዓይኔ አይቻለሁ። ነገር ግን እነዚህ ሴቶች አምነውታል። ካመኑ ይገዛሉ። ከገዙ ያልቃል። ካለቀ ደግሞ ወሬው እውነት ነበር ማለት ነው። ስለዚህ ውሸት መሆኑን በደንብ እያወቅኩ፣ አንዱን ነጠላ ጫማ በግራ አንዱን በቀኝ አዛንፌ አድርጌ ሮጥኩ። ባለ 5 ሊትሩን ሦስት ገዛሁ። ከኋላዬ የነበረችው ሴትዮ አንድ አገኘች። ከእሷ ቀጥሎ የነበረው ሰው «አልቋል» ተባለ።

ማታ 12 ሰዓት ላይ ሰፈሩ ውስጥ ዘይት አልነበረም። ማለቴ ሱቅ ውስጥ አልነበረም። በየአልጋው ስር ያለው ቢሰበሰብ መጋዘን ይሞላል።

በማግስቱ እትዬ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በየበሩ እየቆሙ «አላልኳችሁም?» ይሉ ነበር። ምን ይባላሉ? ብለዋል።

ሮበርት መርተን የሚባል አሜሪካዊ የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር እ.ኤ.አ. በ1948 ለዚህ ነገር ስም አወጣለት፤ ራሱን በራሱ የሚፈጽም ትንቢት። የእሱ ምሳሌ ባንክ ነው። ባንኩ ደህና ነው፣ ምንም አልጎደለበትም። ሊከስር ነው ተባለ። ሰው ተሰልፎ ገንዘቡን አወጣ። ባንኩ ከሰረ። መርተን ይህን ለማስረዳት ብዙ ገጽ ጽፏል። እናቴን ቢያገኛት ኖሮ «ካፍ ከወጣ አፋፍ» ብላ በአንድ መስመር ትገላግለው ነበር።

የመርተን ባንክ የምሳሌ ነው። የጃፓኑ ግን የእውነት ነው። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1973 ቶዮካዋ በምትባል ከተማ ተማሪ ልጃገረዶች ባቡር ላይ ያወራሉ። አንዷ እዚያው አካባቢ ያለ የቁጠባና ብድር ተቋም ሥራ አግኝታለች። ጓደኞቿ «ባንክ እኮ አደገኛ ነው» ብለው ቀለዱባት። ሌባ ይመጣብሻል ማለታቸው ነበር። ልጅቷ ቤት ገብታ ዘመዷን «አደገኛ ነው እንዴ?» ብላ ጠየቀች። ዘመዷ ሌላ ሰው ጠየቀች። ወሬው ፀጉር ቤት ገባ። (ፀጉር ቤት ከገባ በኋላማ ማን ያቆመዋል?) ልብስ አጣቢ ቤት ሲደርስ «ሊከስር ነው» ሆኖ ነበር። በጥቂት ቀናት ውስጥ ደንበኞች በሰልፍ በቢሊዮን የሚቆጠር የን ለማውጣት በሩን አጨናነቁት። ፖሊስ የሆነ ሴራ አለ ብሎ ክሩን እየተረተረ ሲሄድ መጨረሻው ላይ ያገኘው የልጃገረዶቹን ጨዋታ ነው። ለካ «አሉ» ጃፓንም ቅርንጫፍ አለው!

ይሄ የወሬ ነገር ነው፣ ሳይንስ ሌላ ነው የምትሉ ትኖራላችሁ። እሺ። በዚያው 1973 ፊሸር ብላክና ማይረን ሾልስ የሚባሉ ምሁራን ኦፕሽን የሚባል (አክሲዮን ወደፊት በተቆረጠ ዋጋ የመግዛት ወይም የመሸጥ መብት የሚሰጥ) የገበያ ውል ዋጋው ስንት መሆን እንዳለበት የሚነግር ቀመር አሳተሙ። መጀመሪያ ላይ ቺካጎ ገበያ ውስጥ ያለው ዋጋና ቀመሩ የሚለው ዋጋ ብዙም አይገናኙም ነበር። ብላክ ከቀመሩ የወጣውን ዋጋ በወረቀት እያዘጋጀ ለነጋዴዎች ይሸጥ ጀመር። ነጋዴዎቹ ወረቀቱን ይዘው ገበያ መሀል ቆሙ። ከወረቀቱ በላይ የተወደደውን ሸጡ፣ የረከሰውን ገዙ። ዓመታት ሲያልፉ ገበያው ቀመሩን መሰለ። «እንዴት ያለ ትክክለኛ ቀመር ነው!» ተባለ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1987 ገበያው ሲወድቅ ግን የሁለቱ ፍቅር እንደ ድሮው አልቀጠለም።

እኛም ወረቀት አለን። የእኛ ወረቀት የዶላር ምንዛሪ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ሲል፣ ትናንት መደርደሪያ ላይ የነበረ ዕቃ ዛሬ እዚያው ቁጭ ብሎ ዋጋ ጨመረ። የባለሱቆቹ ይሁን። እኔን የገረመችኝ ጎመን የምትሸጥልኝ ሴትዮ ናት።

«ምነው በአንድ ጊዜ እንዲህ ጨመረ?»

«ዶላር ጨምሮ ነዋ ወንድሜ!»

«ጎመኑ ከየት ነው የሚመጣው?»

«ከጓሮዬ።»

እሷ ምን ታድርግ? ሁሉም ሊጨምር ነው ብላ ጨመረች። እሷ ስለጨመረች እንጀራ ጋጋሪዋ ጨመረች። ወሩ ሲያልቅ ሁሉም ነገር መጨመሩን በማስረጃ አረጋገጡ።

ቤታችን ውስጥም አንድ ትንበያ ነበር። ታላቅ ወንድሜ በአራት ዓመቱ የአባቴን ሬዲዮ ፈታትቶ መግጠም አቃተው። እኔ ብሆን እገረፍ ነበር። አባቴ ግን በእንግዳ ፊት ነበርና «ይሄማ ኢንጂነር ነው!» አለ። ከዚያ በኋላ ኢንጂነር ሲያጠና ድምፅ አይሰማም፤ ሱቅ የሚላከው እኔ ነኝ። ወጥ ሲወጣ ቅልጥሙ የማን እንደሆነ ገምቱ። ዛሬ ኢንጂነር ነው። አባቴ «ገና ድሮ አውቄዋለሁ» ይላል። ሮዘንታልና ጃኮብሰን የሚባሉ አሜሪካውያን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ እንዲሁ በዕጣ የመረጧቸውን ልጆች ለመምህራኑ «እነዚህ ዘንድሮ ይጎመራሉ» ብለው ሰጡ። በተለይ ትንንሾቹ እውነትም ጎመሩ። ለውጡ ምን ያህል ነው በሚለው ላይ ምሁራን ብዙ ተጨቃጭቀዋል። እኔ አልጨቃጨቅም፤ ሱቅ ስመላለስ ነው ያደግኩት።

የተገላቢጦሹም አለ። ጠዋት ሬዲዮኑ «ሜክሲኮ ተዘጋግቷል» ይላል። ሾፌሩ ሁሉ መሪውን ጠምዝዞ በሌላ መንገድ ይሄድና እዚያ ይተፋፈጋል። ሜክሲኮ ኳስ ያጫውታል። ጋዜጠኛው ውሸታም ተባለ።

የእኛ ዕድር ሊቀመንበርም የደረሰባቸው ይኸው ነው። አምና ግንቦት ላይ «ይሄ ቱቦ ካልተጠረገ ክረምት ላይ ጎርፍ ቤታችን ይገባል» አሉ። ገንዘብ አዋጡ ብለው ለመኑ፣ ተቆጡ። በመጨረሻ እያጉረመረምን አዋጣን። አካፋ ይዘን ሁለት እሁድ ቆፈርን። ከቱቦው የወጣውን ፌስታልና የውኃ ፕላስቲክ ጋሪ እየተመላለሰ ጫነው። ክረምቱ መጣ፣ ነሐሴ እንደ ጉድ ዘነበ። አንድም ቤት ጠብታ አልገባም።

መስከረም ላይ ስብሰባ ተደረገ። አንዱ እጁን አወጣ። «ጎርፍ ይመጣል ብለው ገንዘባችንን አስወጡን። የታለ ጎርፉ?»

ጭብጨባ ነበር። እኔም ሰው ሲያጨበጭብ አጨበጨብኩ። እትዬ ከጎኔ ጠጋ ብለው «እኝህ ሰውዬ ድሮም ሟርተኛ ናቸው» አሉኝ። በሚቀጥለው ምርጫ ሊቀመንበሩ አልተመረጡም። እትዬ ግን ገንዘብ ያዥ ሆኑ፤ አርቀው ያያሉ ተብሎ።

ባለፈው ሳምንት ስኳር ልገዛ ሱቅ ሄድኩ። ባለሱቁ ሚዛኑን ሊይዝ እጁን ዘረጋና መልሶ ተወው። ግራ ቀኝ አየ።

«ጋሼ፣ እትዬ ስለ ስኳር ምን ይላሉ?»

«ምን ሊሉ?»

«አይ፣ እርሶ ቡና ስለሚጠሩ ብዬ ነው። ዋጋ ከማውጣቴ በፊት ባውቅ...»

«እስካሁን ምንም አላሉም።»

ተነፈሰ። «እንግዲያው በድሮው ልስጥዎት። ስንት ኪሎ ነበር?»

የመጣሁት ለአንድ ኪሎ ነበር።

«አምስት አድርገው» አልኩት።