ሐምሌ 26፦ የአባ ሰላማ በዓል ንግሥ ይሁን ወይስ እንዳለ ይቆይ?

ሐምሌ 26 የአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የዕረፍት መታሰቢያ ነው። የመጀመሪያው ጳጳሳችን በዓል ግን በብዙ ደብር በስንክሳር ንባብ ብቻ ያልፋል። ሕዝብ የሚወጣበት ንግሥ ሊሆን ይገባል ወይ? አንዲት የታሪክ መምህርትና አንድ መሪጌታ ተከራክረውበታል።

መምህርቷ፦ በሚገባ ይገባል እላለሁ። ፍሬምናጦስ፣ ማለትም በኋላ አባ ሰላማ የተባለው፣ የጢሮስ ልጅ ነበር። መሮጵዮስ የሚባል ፈላስፋ እሱንና ኤዴስዮስን ይዞ ሲጓዝ መርከባቸው ቀይ ባሕር ዳርቻ ላይ ቆመ። የአካባቢው ሰዎች መርከቡ ላይ የነበሩትን ፈጇቸው። ሁለቱ ልጆች ዛፍ ሥር ቁጭ ብለው ሲያጠኑ ተገኙና ተረፉ። ለአክሱም ንጉሥ ተሰጡ። ኤዴስዮስ መጠጥ አሳላፊ ሆነ፤ ፍሬምናጦስ መዝገብና ሒሳብ ያዘ። ይህን ሩፊኖስ የተባለው ጸሐፊ ከራሱ ከኤዴስዮስ ሰምቶ ነው የጻፈው።

እኔን የሚነካኝ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ንጉሡ ሞቶ አልጋ ወራሹ ካደገ በኋላ ሁለቱም እንዲሄዱ ተፈቀደላቸው። ኤዴስዮስ ወደ ጢሮስ ተመልሶ ቄስ ሆነ። ፍሬምናጦስ ግን እስክንድርያ ወርዶ «ለአክሱም ክርስቲያኖች ጳጳስ ላክላቸው» ብሎ የእስክንድርያውን ሊቀ ጳጳስ አትናቴዎስን ለመነ። አትናቴዎስም ከእሱ የተሻለ ሰው ስላላገኘ እሱኑ ሾመው። አብረውት የመጡት ሁሉ ወዳለቁበት፣ በምርኮ ወደገባበት አገር በፈቃዱ ተመለሰ። ለእንዲህ ያለ አባት ንግሥ ቢያንስባቸው እንጂ አይበዛባቸውም።

መሪጌታው፦ እህቴ፣ ታሪኩን አልክድም። ስንክሳሩም የሚነግረን ያንኑ ነው። ግን ሕዝብ ቅዱስን የሚወደው ታሪኩን ስላወቀ ነው? ሐምሌ 19 ቁልቢን ይዩት። ክረምት ነው፣ ጭቃ ነው፣ ሰዉ ግን ይጎርፋል። ስለቱ ሰምሮለታል፣ ልጁ ድኖለታል፣ ስለዚህ ይሄዳል። ዝቋላም ደብረ ሊባኖስም እንደዚያው ነው። አቡነ ተክለ ሃይማኖትንና አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ሕዝቡ በየወሩ የሚዘክራቸው ማንም አዞት አይደለም። ቃል ኪዳናቸውን ታምኖ ነው። ፍቅር በስብሰባ አይወሰንም።

መምህርቷ፦ ቁልቢን ካነሱ አይቀር፣ ያን ቤተ ክርስቲያን ማን አሠራው? ራስ መኮንን ከዓድዋ ድል በኋላ ናቸው። አንድ ሰው የጀመረው ነገር ነው ዛሬ አገር የሚያንቀሳቅሰው። አባ ሰላማ ግን የሚያስጀምርላቸው አጡ። ሕዝቡ ጠልቷቸው ሳይሆን ስላልተነገረው ነው።

መሪጌታው፦ ራስ መኮንን ያሠሩት ለምስጋና ነው። ከልብ የወጣ ነገር ስለሆነ ሥር ሰደደ። እርስዎ የሚሉት ግን ውለታ መመለስ ነው። ውለታ ተገቢ ነው፤ ንግሥ ግን አይወልድም። ደግሞስ አባ ሰላማ በዋናነት የደረሱት ቤተ መንግሥቱንና ነጋዴዎቹን ነው። ወንጌሉን በየገጠሩ ያስፋፉት ዘጠኙ ቅዱሳን ናቸው። ለዚህ ነው ሰው ዛሬም በጠፍር ተንጠላጥሎ ከእነሱ አንዱ አቡነ አረጋዊ የመሠረቱት ደብረ ዳሞ ገዳም የሚወጣው። ጳጳስ ደግሞ ለገበሬው ሩቅ ሰው ነበር። እስከ 1943 ዓ.ም. ድረስ ሊቀ ጳጳስ የሚመጣልን ከግብፅ ነበር፤ ቋንቋችንን የማይሰማው ብዙ ነው። የሕዝቡ ፍቅር ወደ መነኮሳቱ ማዘንበሉ ይፈረድበታል?

መምህርቷ፦ እዚህ ላይ በጣም እለያለሁ። አባ ሰላማን ከኋላ በመጣው ሥርዓት መመዘን ግፍ ነው። ኢትዮጵያዊ ጳጳስ እንዳይሾም ያገደው ቃል በኒቅያ ጉባኤ ስም በፍትሐ ነገሥት የገባው ነው። የጉባኤው እውነተኛ ቀኖናዎች ደግሞ 20 ብቻ ናቸው፤ ይህ ከነሱ ውስጥ የለም። ታዲያ እሳቸው ምን አደረጉ? እዚሁ አደጉ፣ እዚሁ አገለገሉ። እንደ እንግዳ ሊቆጠሩ አይገባም።

ቤተ መንግሥቱን ብቻ ነው የደረሱት ያሉትንም ልመልስ። የአክሱሙን ንጉሥ የኢዛናን የወርቅ ሳንቲም አይተውት ያውቃሉ? ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም አይበልጥም። የንጉሡ ምስል በሁለት የስንዴ ዘለላ መሐል ተቀርጿል። ቀድሞ በወጡት ላይ ከራሱ በላይ ጨረቃና ክብ ምልክት ነበር፤ በኋላ በወጡት መስቀል ተተካ። ሳንቲም ደግሞ ከነጋዴ ነጋዴ፣ ከአገር አገር ይዞራል። በ356 እ.ኤ.አ. ገደማ የሮም ንጉሥ ቆንስጣንዮስ ለኢዛናና ለወንድሙ ለሳይዛና ደብዳቤ ጻፈ። ፍሬምናጦስን ወደ እስክንድርያ ላኩት፣ አትናቴዎስን አባርረን በተካነው በጊዮርጊስ ይመርመር አለ። ደብዳቤውን አትናቴዎስ በጽሑፉ ውስጥ አስቀርቶልናል። አክሱም እሳቸውን አሳልፋ ስለመስጠቷ የሚናገር ነገር ግን የትም የለም። የሮም ንጉሥ የሚያሳስበው ጳጳስ የነጋዴዎች ነፍስ አባት ብቻ ነበር?

መሪጌታው፦ ደብዳቤው ትልቅ ምስክር ነው፣ እቀበላለሁ። የክርስቶስን አምላክነት በሚክዱት በአርዮሳውያን ዘመን ከአትናቴዎስ ጎን መቆም ቀላል አይደለም። ቢሆንም ስጋቴን ልንገርዎ። በዓሉን ካደመቅነው የሚነገርበት ስለ ሳንቲምና ስለ ሐውልት ይሆናል። ጥናት ይቀርባል፣ ባነር ይሰቀላል፣ ባለሥልጣን ንግግር ያደርጋል። ጸሎቱ ወደ ኋላ ይቀራል። ቅዱስን የአገር ኩራት ማድረግና ቅዱስን መማጸን ለየቅል ናቸው።

መምህርቷ፦ ባነሩ ይቅር፣ ደስ ይለኛል። እኔ የምፈልገው ልጆች እንዲያውቋቸው ነው። ሐምሌ ትምህርት የተዘጋበት ወር ነው፤ ልጆቹ በየሰንበት ትምህርት ቤቱ አሉ። ዛፍ ሥር ሆነው ስለሚያጠኑት ሁለት ልጆች የሚነገራቸው የለም። ያን የሰማ ልጅ አድጎ ይሳላል፣ ይለምናል። እርስዎ የሚሉት ፍቅር ከየት ይጀምራል ታዲያ?

መሪጌታው፦ ለልጆቹ ይነገር፤ ሐምሌ 26 እኔው ራሴ ስንክሳሩን በአማርኛ ላነብላቸው ፈቃደኛ ነኝ። ታቦት ይውጣ፣ ንግሥ ይሁን የሚለውን ግን ዛሬም አልደግፍም። ሕዝቡ ራሱ በስለቱ ሲጠይቅ ያን ጊዜ ይውጣ።

መምህርቷ፦ ንባቡን በደስታ እቀበላለሁ። ለንግሡ ግን ሕዝቡ እስኪጠይቅ አልጠብቅም፤ የደብራችንን ሰበካ ጉባኤ ለመጪው ሐምሌ እጠይቃለሁ።