የመጠይቅ መርጃ ጽሑፍ ከችግሩ ምልክት ይጀምር

ጎንደር ውስጥ በጤና ተቋም ካርድ ክፍልም ሆነ በኮሌጅ ሬጅስትራር ዳታቤዝ ላይ የሚሠራ ሰው ሲቸገር የሚያየው ምልክቱን ነው፦ ውጤቱ ባዶ ሆነ፣ ድምሩ በዛ፣ ሰው ጎደለ። የመጠይቅ (ከዳታቤዝ መረጃ የሚወጣበት የኤስኪውኤል ጽሑፍ) መርጃዎች ግን ሴሌክት፣ ጆይን፣ ግሩፕ ባይ እያሉ በትእዛዝ ስም ተደርድረዋል። የትኛው ትእዛዝ እንዳጠፋ ያላወቀ ሰው የቱን ይክፈት?

ከሁሉም የሚከፉት የስሕተት መልእክት የማያወጡ ጥፋቶች ናቸው። አራት ተማሪዎች አሉ እንበል። ሁለቱ የ2016ን ከፍለዋል፣ አንዱ የ2015ን ብቻ፣ አንዱ ምንም አልከፈለም። ሁሉንም ከ2016 ክፍያቸው ጋር ለማውጣት ሌፍት ጆይን (የተማሪዎቹን ሠንጠረዥ ከክፍያው ጋር አያይዞ ያልከፈለውንም የሚያስቀር) ተጽፎ ዓመቱ ረድፎችን በሚያጣራው በዌር ከተወሰነ የሚመጡት ሁለት ብቻ ናቸው። ምንም ያልከፈለው ተማሪ ዓመቱ ነል፣ ማለትም ዋጋ የሌለው፣ ነው፤ ነል ከ2016 ጋር ሲነጻጸር ውጤቱ «አይታወቅም» ይሆናል፤ ዌር ደግሞ እውነት የሆነውን ብቻ ያሳልፋል። ብዙዎች «ወይም ዓመቱ ነል ከሆነ» ብለው ይጨምሩበታል። ያኔ ሦስት ይሆናሉ፤ የ2015 ከፋዩ እንደጠፋ ይቀራል። አራቱም የሚመጡት የዓመቱ ገደብ ሠንጠረዦቹ የሚያያዙበት ሁኔታ ወደሚጻፍበት ወደ ኦን ሲዛወር ነው። መርጃው ይህችን ትንሽ ሠንጠረዥ ከነመጠይቁና ከሦስቱም ውጤቶች ጋር ቢያቀርብ አንባቢው ገልብጦ ይሞክራታል። በዝርዝር ውስጥ የሌሉትን የሚያወጣው ኖት ኢንም እንዲሁ ነው፦ በዝርዝሩ ውስጥ አንድ ነል ካለ ውጤቱ ባዶ ይሆናል፤ ተዛማጅ ረድፍ አለመኖሩን የሚፈትሸው ኖት ኤግዚስትስ ይሻላል።

የውጭ መርጃዎች ጨርሶ የማያነሡት የእኛ ጉዳይም አለ። የ«ጎንደር» ጎ እና የ«ጐንደር» ጐ በዩኒኮድ (ለኮምፒውተር ፊደላት ቁጥር በሚሰጠው መለኪያ) የተለያየ ቁጥር ያላቸው ፊደላት ናቸው። አንዱን የፈለገ ሌላውን አያገኝም፤ ረድፎችን በቡድን የሚሰበስበው ግሩፕ ባይም አንዱን ከተማ ሁለት ያደርገዋል። መፍትሔው ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል ሁለተኛ ዓምድ ነው፦ ጐ ወደ ጎ፣ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ከነእርባታቸው ይቀየሩበት፤ የሚፈለገው ቃልም በዚሁ መንገድ ይለፍ። ዋናው ዓምድ አይነካ፤ የባለቤቱ ስም በሰነዱ ላይ እንደተጻፈ መቆየት አለበት።

የቀን ዓምድም በፈረንጆች አቆጣጠር ስለሚሠራ ጳጉሜንን፣ 13ኛ ወር ስለሌለው፣ አይቀበልም። መስከረም 5ን ግን፣ 1ኛ ወር ተብሎ ስለሚገባ፣ ጃንዋሪ 5 አድርጎ ዝም ብሎ ይመዘግባል፤ ከሁለቱ ይህኛው ይብሳል።

ከእያንዳንዱ መልስ ሥር የተሞከረበት ሲስተምና ስሪቱ ይጻፍ። ለምሳሌ ሁለት ቋሚ መስመር (||) ፖስትግሬስ በሚባለው የዳታቤዝ ሲስተም ጽሑፍ ያያይዛል፤ በሌላው ሲስተም በማይኤስኪውኤል ነባሪ ቅንብር ግን «ወይም» ማለት ስለሆነ በሙሉ ስም ፈንታ 0 ወይም 1 ይመልሳል።