ነብሩን ጥጥ ጠቅጥቁልን

የጋዜጣ ካርቱን ገጸ ባሕርያትን ለነጋዴ የሚያከራዩ ሰዎች የሚገባቸውን ምስጋና አላገኙም። አራት ሳጥን ውስጥ ታስሮ የኖረውን ፍጡር አውጥተው በኩባያ፣ በካልሲና በቁልፍ መያዣ ላይ አንሸራሽረውታልና እጃቸው ይባረክ።

አሠራሩም ቀላል ነው። ካርቱኒስቱ ሥራውን ለጋዜጦች ከሚያከፋፍለው ሲንዲኬት ጋር ይፈራረማል። አሜሪካ ውስጥ ለረጅም ዘመን በተለመደው ውል የገጸ ባሕርዩ ባለቤት ሲንዲኬቱ እንጂ ሠሪው አልነበረም (ደግ አደረጉ፤ ሠሪ ሐሳብ ካበዛ ፋብሪካ ይዘገያል)። ከዚያ ጥቂት አቋቋሞችና ፈገግታዎች ይመረጡና ፋብሪካው እነሱን ይቀዳል። ቀልዱስ? ቀልድ በሦስት ሳጥን ተጠንስሶ በአራተኛው የሚፈነዳ ነገር ነው። ኩባያ የሚችለው አንድ ሥዕል ስለሆነ ጥንስሱ ይደፋና ፈገግታው ብቻ ይታተማል። ለሚጠጣበት ሰው ምን ጎደለበት?

የጂም ዴቪስን የካርቱን ድመት፣ ጋርፊልድን፣ እንይ። ካርቱኑ እ.ኤ.አ. በ1978 ተጀመረ፤ በ1981 ፖውስ የተባለ የንግድ ኩባንያ ተቋቋመለት። አንዴ መጋረጃ ላይ እንዲንጠለጠል መዳፉ ቬልክሮ (ጨርቅ ላይ የሚጣበቅ ማያያዣ) ይደረግበት ተብሎ የታዘዘው አሻንጉሊት፣ ፋብሪካው ትእዛዙን ስቶ በመምጠጫ ጎማ ሠርቶት መጣ። ዴቪስ መስኮት ላይ ለጥፎ “ሁለት ቀን ከቆየ ይጽደቅ” አለ። ቆየ። የመኪና መስታወት ሁሉ ድመት አበቀለ። የጥበብ መለኪያ በሁለት ቀን ከተገኘ ሌላው ጭቅጭቅ ለምኑ ነው?

የ“ፒናትስ” ካርቱን ሠሪ ቻርለስ ሹልዝ ትንሽ ያስቸግራል። ውሻውን ስኑፒን ለሜትላይፍ ኢንሹራንስ ማስታወቂያ ሰጥቶም፣ እስከ 2000 ድረስ ሃምሳ ዓመት ያህል ካርቱኑን ራሱ ሣለው እንጂ በረዳት አላሣለውም። ምን ዓይነት ብክነት ነው!

ከሁሉም የባሰው ግን ቢል ዋተርሰን ነው። “ካልቪንና ሆብስ”ን ከ1985 እስከ 1995 ሲሠራ ሲንዲኬቱ ለዓመታት ቢወተውተውም አሻንጉሊት አልፈቀደም። ሆብስ ለትንሹ ልጅ ለካልቪን ሕያው ነብር ነው፤ ለሌላው ሰው ሁሉ ግን የጨርቅ አሻንጉሊት። ካርቱኑ እውነቱ የትኛው እንደሆነ አይናገርም፤ ዋተርሰንም ይህ እንዳይነገር ሚሊዮኖችን ገፋ። አይገርምም? አንድ ኪስ ጥጥና ሁለት የፕላስቲክ ዓይን ይዞ የመጣ ልብስ ሰፊ እኮ ጥያቄውን ከምሳ በፊት ዘግቶልን ነበር።

እንቢታውስ ምን አተረፈለት? ሕጋዊው ዕቃ ሲጠፋ ሕገወጡ ቦታውን ያዘ፦ ካልቪን ዘወር ብሎ እያሾፈ ሲሸና የሚያሳየው የመኪና ተለጣፊ። ዋተርሰን አልሣለውም፣ ሳንቲምም አላገኘበትም። ፈቃድ ሰጥቶ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ የሽንቱ ቀለም በመመሪያ ይወሰን ነበር።