አጥሩ ወይስ ባለቤቱ?

ባለፈው ቅዳሜ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ አራት ሆነን ቡና እንጠጣ ነበር። አንዱ ተከታታይ ድራማ የሚጽፍ ልጅ ነው። አንዷ የመጀመሪያ ልብ ወለዷን እየጻፈች ነው። ሦስተኛው አማርኛ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው።

ነገሩን ያስነሳችው ልጅቷ ናት። ደብተሯን ገልጣ በሐሳቧ የፈጠረችውን አገር ካርታ አሳየችን። ወንዝ አለው፣ ሰባት ነገሥታት አሉት፣ የራሱ የዘመን አቆጣጠርም አለው። ሁለት ዓመት ለፍታበታለች።

"እዚህ አገር ማን ይኖራል?" አሏት ጋሼ።

"ሰዎቹ ላይ ገና አልደረስኩም። መጀመሪያ መቼቱ መጠናቀቅ አለበት።"

ጋሼ ስኒያቸውን አስቀመጡ። "ልጄ፣ ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ።"

ድራማ ጸሐፊው ሁለቱንም አልተቀበለም። "ዋናው ሴራ ነው! ተመልካቹ ቶሎ ካልደነገጠ ቻናል ይቀይራል" አለ። ከዚያ የሚጽፈውን ክፍል ተረከልን። መኪና ይገለበጣል፣ የጠፋ ወንድም ይመጣል፣ ኑዛዜ ይቀደዳል። ኑዛዜውን ማን እንደሚቀድ ስጠይቀው ስሙ ጠፋበትና ስልኩን ከፈተ። የራሱ ገጸ ባሕርይ ስም ነው እኮ! ጋሼ አሁንም "ባለቤቱን ካልናቁ..." ብለው ጀመሩ፤ ልጅቷ ጨረሰችላቸው።

እኔ ከጋሼ ጋር ነኝ። የሐዲስ ዓለማየሁን ልብ ወለድ፣ ፍቅር እስከ መቃብርን አነሳሁባቸው። መጽሐፉ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ያደመጠ ሰው የምዕራፎቹን ቅደም ተከተል ላያስታውስ ይችላል፤ ጉዱ ካሳን ግን አይረሳም። ዛሬም ሰው ሁሉ ዝም ባለበት እውነቱን የሚያፈርጥ ሰው ሲገኝ "ጉዱ ካሳ" እንለዋለን።

"እሱማ ሴራው ጠንካራ ስለሆነ ነው" አለ ልጁ።

ሴራው ከየት መጣ ታዲያ? ከፊታውራሪ መሸሻ ነው የመጣው። ለልጃቸው የሚመጥን ዘር ያለው ባል ጠፋ ብለው የመጣውን ሁሉ ባይመልሱ፣ ሰብለ በጊዜዋ ተድራ ልብ ወለዱ ገና ሳይጀመር ያልቅ ነበር። የሰብለ ፍቅረኛ የበዛብህ ወላጆችም ለቤተ ክርስቲያን ባይሳሉት በዛብህ ያን ያህል ባልተጨነቀ። የአንዱ ኩራትና የሌላው ስለት ናቸው ታሪኩን የሚነዱት። ጎጃምንም ያየነው በእነዚህ ሰዎች ዓይን ነው፤ ካርታ ያሳየን የለም። ልጁ "ያ ድሮ ነው" አለ። ሌላ መልስ አልነበረውም።

ልጅቷ ግን ዝም ብላ ቆየች። በኋላ ካርታዋ ላይ አንድ የወንዝ ዳር መንደር እየነካች፣ "እዚህ ጋ ጀልባ የምታሻግር አንዲት አሮጊት ነበረች። ትቻት ነው" አለች። ጋሼ ፊታቸው በራ። "በይ እሷን ጻፊያት። ባለቤቷ እሷ ናት።"

የሚያሳዝነኝ የልጁ ሴራ ብቻ አይደለም። ሰውን ማየት ትተናል። ድሮ ታክሲ ውስጥ ስንት ወሬ ይሰማ ነበር፤ አሁን ሁሉም ስልኩ ላይ አቀርቅሯል። ከሰው ጋር ስንተዋወቅም አስቀድመን የምናጣራው ወገኑን ነው። ምን እንደሚያስቀው፣ ምን እንደሚያስፈራው ሳናውቅ ፈርደንበት እናልፋለን። ያላየነውን ሰው እንዴት አድርገን እንጻፈው? ጋሼ ሲለዩን እንኳ ያንኑ ተረት ደገሙት፤ "ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ።" እኛ ባለቤቱን ከናቅነው ቆይተናል።

እኔ የምኖርበት ኮንዶሚኒየም ከገባሁ ስድስት ዓመቴ ነው። ከበላዬ አንዲት ሴትዮ ይኖሩ ነበር። ደረጃ ላይ ስንገናኝ "እንደምን አደሩ" እላቸዋለሁ፤ ሌላ ነገር አውርተን አናውቅም። ስማቸውን የሰማሁት ግቢው ውስጥ የለቅሶ ድንኳን የተተከለ ቀን ነው።