«ቆሞ ነው እኮ የከረመው»

ባሕር ዳር ላይ የሞተር ዘይት ዕድሜ የሚቆጠረው በበዓል ነው። የጀልባውን ባለቤት «ዘይት መቼ ቀየርክ?» ብትሉት የሰዓት ቆጣሪ ፍለጋ አይዳክርም፤ «ለጥምቀት» ይላችኋል፣ አለቀ። የየትኛው ዓመት ጥምቀት ብሎ የሚጠይቅ ነገረኛ ነው። ነገረኛ ደግሞ ዘጌ በእግሩ መሄድ ይችላል።

የዚህ ጥበብ ልቀት የሚገባን የሌላውን ሰው ጭንቀት ስናይ ነው። ባለ አንድ ሞተር ትንንሽ አውሮፕላን የሚያበርሩ ሰዎች አሉ፤ ሞተራቸው እንደኛው ቤንዚን ጠጪ፣ ባለ ፒስተን ነው። ላይካሚንግ የሚባለው የሞተር አምራች 50 ሰዓት በተሠራ ቁጥር ዘይቱም ማጣሪያው ፊልትሮም ይቀየር ብሎ ጽፎላቸዋል። ፊልትሮ የሌለው፣ የብረት ወንፊት ብቻ ያለው ከሆነ በ25 ሰዓት። ይህም አልበቃው ብሎ፣ ሰዓቱ ባይሞላም 4 ወር ካለፈ ይቀየር ይላል። እንግዲህ አስቡት፦ አሥር ሰዓት ብቻ በርሮ የቆመ ሞተር፣ ማር የመሰለ ዘይት፣ 8 ኳርት ከሚይዘው ሞተር ሰባት ሊትር ተኩል ገደማ፣ በባልዲ ተቀድቶ ይወጣል!

የኛ ሰው ይህን ሲሰማ የሚላት አንዲት ቃል አለችው፦ «ቆሞ ነው እኮ የከረመው።» በዚች ቃል ስንት ብር ተርፏል። ክረምት ገብቶ፣ ጎብኚ ጠፍቶ፣ ጀልባው ከዳር ታስሮ ሦስት አራት ወር ሲከርም ዘይቱ ምን ይሆናል? እንደ ጠጅ ይበስላል እንጂ።

አውሮፕላነኞቹ ሌላ ይላሉ። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ውሃ ይወጣዋል። አብዛኛው በጭስ ማውጫ እንፋሎት ሆኖ ይሄዳል፤ ጥቂቱ ግን ፒስተኑን በከበቡት ቀለበቶች፣ በፋሻው በኩል ሾልኮ ዘይቱ ውስጥ ይገባል፣ ከቃጠሎው ትራፊ ጋር ተደባልቆም አሲድ ይሆናል። ሞተሩ ቢቆም አሲዱ ሥራ አያቆምም። ላይካሚንግ ላይ ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ፣ ካምሻፍቱ፣ ፒስተኖቹ ከሚያዞሩት ዋና ዘንግ፣ ከኮሎው በላይ ስለሚቀመጥ ዘይቱ ወርዶ ቀድሞ የሚራቆተው እሱ ነው፣ ዝገቱም እዚያ ይጀምራል። የዛገው ፊት ሞተሩ ሲነሳ ይላጣል፣ ልጣጩም ከዘይቱ ጋር ሞተሩን ይዞራል። ፈሪ ሰው መቼስ ምክንያት አያጣም።

እኛ ለዚህም መድኃኒት አለን። በየቅዳሜው ሞተሩን አስነስተን አምስት ደቂቃ «እናሞቀዋለን»። ሰፈሩ ይሰማል፣ ጭሱ ይታያል፣ የባለቤቱ ልብ ይሞቃል፤ የማይሞቀው ዘይቱ ብቻ ነው። አምራቹ ለአውሮፕላኑ ያዘዘው፣ 30 ቀን ሳያልፍ ተነስቶ፣ ዘይቱ ከ74 እስከ 93 ዲግሪ ሞቆ፣ ቢያንስ አንድ ሰዓት ሳያቋርጡ መብረርን ነው። ውሃው ከዘይቱ ተንኖ የሚወጣው እንዲህ ሲሆን ነው፤ መሬት ላይ አስነስቶ ማጥፋት አይተካውም። በአምስት ደቂቃ የሚሆነው ይህ ነው፦ ቀዝቃዛ ሞተር ቤንዚን ያበዛል፣ እንፋሎቱ በቀዘቀዘው ብረት ላይ ጤዛ ሆኖ ከሞተሩ ሥር ወዳለው የዘይት መያዣ፣ ወደ ኮፓው ይወርዳል፣ ከዚያ ቁልፉ ይዘጋል። ለቆመው ሞተር ሳምንታዊ የውሃ ቀለብ እንሰፍርለታለን ማለት ነው። እንዲህ ያለ ደግነት በመመሪያ መጽሐፍ የለም።

ዘይቱም ውለታችንን አይረሳም። ፎር ስትሮክ የጀልባ ሞተር ቀኑን ሙሉ መረብ ለመረብ ቀስ እያለ ሲዞር ውሎ፣ መለኪያው ሲወጣ ዘይቱ ማንም ሳይጨምርበት ከፍ ብሎ ይገኛል። «በረከት ገባበት!» መለኪያውን ወደ አፍንጫው አስጠግቶ «ቤንዚን ቤንዚን ይላል» የሚል መካኒክ ካለ በረከት የማይወድ ሰው ነው። ሞተሩ በደንብ ሳይሞቅ ስለሚውል ያልተቃጠለው ቤንዚን በፋሻው አልፎ ዘይቱን አቅጥኖታል፤ የቀጠነ ዘይት ደግሞ ኮሎውን ከሚዞርበት ማቀፊያ፣ ከብሮንዚኑ አራርቆ መያዝ ያቅተዋል። ውሃስ አለበት ወይ ለሚል፣ አንድ ጠብታ በጋለ ምጣድ ላይ ጠብ ቢደረግ ይንጣጣል። ግን ለዚህ ብሎ የቡና ምጣዱን የሚሰጥ ቤት ስለሌለ በረከቱ በረከት ሆኖ ይቀራል።

ሲጎድል ደግሞ «ጨምርበት» ነው፣ ግማሽ ሊትር ጣል። ረዳቱ ልጅ «ጋሼ፣ ጠቁሯል እኮ» ካለ «መጥቆሩ መሥራቱ ነው» ይባላል። የሚገርመው፣ ግማሹ እውነት ነው፤ ጥሩ ዘይት ጥላሸቱን አንጠልጥሎ ስለሚይዝ ይጠቁራል። ግን የሚሸከመው በልክ ነው። ልኩ ሲያልፍ ቆሻሻው ኮፓው ላይ ይዘቅጣል፣ የዘይት መተላለፊያውን ያጠባል። ያኔ ግማሽ ሊትር አዲስ ዘይት መጨመር አተላ ላይ ጠላ መቅዳት ነው፤ ቢሆንም ጠላ ጠላ ነው።

ከሁሉ ግን እኔን የሚያስደንቀኝ ለፊልትሮ ያለን ክብር ነው። ፊልትሮ ሲደፈን ሞተሩ ዘይት አጥቶ እንዳይነክስ፣ ብረት ከብረት ተጣብቆ እንዳይቆም፣ ባይፓስ የሚባል ቫልቭ ይከፈትና ዘይቱ ሳይጣራ ያልፋል። መብራት አይበራም፣ ድምፅ አይለወጥም። አምራቹ ለክፉ ቀን የሠራትን በር እኛ እንደ ቋሚ ፈቃድ ወስደናታል፤ ዘይቱ ቢቀየር እንኳ ፊልትሮው አሮጌውን ዘይት በሆዱ እንደያዘ «ለሚቀጥለው» ይባላል። ዘይቱም የሚቀዳው ሞተሩ ድርቅ ብሎ ቀዝቅዞ ሳለ ነው። አሙቀው ቢቀዱት ቆሻሻው ከዘይቱ ጋር ተንሳፍፎ ይወጣ ነበር፤ እንደተኛ ይተዉታል፣ እንቅልፉን ላለመረበሽ።

አውሮፕላነኞቹ ግን የወጣውን ፊልትሮ እንኳ አያከብሩም። ቆርቆሮውን በመቁረጫ ከፍተው፣ የተጣጠፈውን ወረቀት ዘርግተው ብርሃን ላይ ያዩታል፣ ማግኔት ያስጠጉበታል። ከማግኔቱ የተጣበቀው ብረት ነው፤ የሚያብለጨልጨውና ያልተጣበቀው አልሙኒየም ወይም ብሮንዝ ሊሆን ይችላል። ዘይቱ ግማሽ ያህል ሲፈስ ናሙና ቀድተው ወደ ላቦራቶሪ ይልካሉ፦ ሲሊኮን ከበዛ የአየር ማጣሪያው አቧራ እያሳለፈ ነው፣ ብረት ከውጤት ውጤት ከጨመረ አንድ ቦታ እየተበላ ነው። እኛ ዘንድ ምርመራው በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሐል ይፈጸማል። ፈተግ ፈተግ፣ ሸተት፣ ከዚያ ሱሪ ላይ ጠረግ። ውጤቱ ሁሌም አንድ ነው፦ «ገና ነው።» ሱሪው አፍ ቢኖረው ብዙ ይናገር ነበር።

የጣና ልዩ ጣዕም የሚገኘው ግን ከታች፣ ውልብልቢቱን ከሚያዞረው ማርሽ ነው። ተቆርጦ የተጣለ የመረብ ናይለን ከውልብልቢቱ ኋላ ዘንጉ ላይ ይጠመጠምና የዘይት መከላከያ ጎማውን ይቆርጠዋል። ውሃ ይገባል፣ የማርሽ ዘይቱም ነጣ ብሎ አረፋ ይይዛል፤ ቁርጥ ማኪያቶ። ወግ የማያውቅ ሰው ውልብልቢቱን አውልቆ ናይለኑን ይለቅማል፣ ጎማውን ይቀይራል፣ የታችኛውንም የላይኛውንም ቡሎን ፈትቶ አሮጌውን ያፈሳል፣ አየር እንዳይቀር አዲሱን ከታች ወደ ላይ፣ በላይኛው ቀዳዳ እስኪወጣ ይገፋል። ወግ የሚያውቀው ቡሎኑን አጥብቆ ይመልሰዋል። በማኪያቶ ከተማ ማኪያቶ ማን ይደፋል?

ደግሞም ዘይቱ ፈጽሞ አይቀየርም ማለት ሐሰት ነው። ሞተሩ የወረደ ቀን ይቀየራል። መካኒኩ ኮፓውን ፈትቶ በተቆረጠ ጀሪካን ይቀበለዋል፣ ጎረቤቱም ለምኖ ወስዶ የአጥሩን እንጨት ይቀባበታል። ምስጥ አይደፍረውም።