በ29 ዓመቱ ጫማውን የሰቀለው አምበል

ጆን ሳትለር መንጋጋው ሲሰበር ጨዋታው ገና አልተሟሟቀም ነበር። የ1970ው የሲድኒ ራግቢ ሊግ የፍጻሜ ጨዋታ ነው፤ ሳውዝ ሲድኒ ከማንሊ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ከባላጋራ ወገን የተሰነዘረ ቡጢ የሳውዙን አምበል መንጋጋ ሰበረው። ሳትለር አጠገቡ የነበረውን የቡድን ጓደኛውን፣ መጎዳቱ እንዳይታወቅበት ደግፎ እንዲያቆመው ለመነው። ቆመ፤ እስከ መጨረሻውም ተጫወተ። ሳውዝ 23 ለ 12 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። ሳትለርም ከዚያ ቀን ጀምሮ የጀግንነት መለኪያ ሆነ።

ከ44 ዓመት በኋላ፣ በዚያው ክለብ ማሊያ ሳም በርጀስ ደገመው። በ2014ቱ የፍጻሜ ጨዋታ መጀመሪያ ላይ ከባላጋራው ቡድን ከካንተርበሪው ጄምስ ግሬም ጋር ተላትሞ የጉንጩና የዓይኑ ዙሪያ አጥንት ተሰበረ። አልወጣም። ሳውዝ 30 ለ 6 አሸንፎ ለ43 ዓመት የራቀውን ዋንጫ ሲመልስ፣ በርጀስ ጉንጩ አብጦ፣ እንባው እየወረደ የዕለቱ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ ተሸለመ። ሜዳሊያው የተሰየመው በክላይቭ ቸርችል ነው። ቸርችል ደግሞ በ1955 ክንዱ ተሰብሮ ሳለ የማሸነፊያውን ምት የመታ የሳውዝ ተጫዋች ነው። ስብራት ለስብራት እየተቀባበለ የመጣ ክብር ማለት ይህ ነው።

እኔም ለበርጀስ ካጨበጨቡት አንዱ ነኝ፤ አሁንም ያን ጨዋታ ሳይ ልቤ ይሞላል። ዛሬ መጻፍ የፈለግኩት ግን ያን ያህል ጭብጨባ ስላላገኘ አንድ ቀን ነው። ጁን 14 ቀን 2021፣ የሲድኒ ሩስተርስ አምበል ቦይድ ኮርድነር፣ 29 ዓመት በሞላው በአምስተኛው ቀን፣ ከእንግዲህ አልጫወትም አለ። ብዙዎች ዜናውን ያነበቡት እንደ መርዶ ነው፤ «ያለ ጊዜው ተቀጨ» ተባለ። በእኔ እምነት ግን በዚያ ሁሉ የጨዋታ ዘመኑ ከሠራው ሥራ ትልቁ እሱ ነበር።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል። በራግቢ ሊግ ከየወገኑ 13 ሰው ይሰለፋል። ኳስ የያዘው ወደፊት ይሮጣል፤ ባላጋራዎቹ አንቀው መሬት ላይ ይጥሉታል፤ ተነሥቶ እንደገና ይጀመራል፤ ስድስት ጊዜ ከተጣሉ ኳሱ ለሌላው ቡድን ያልፋል። «ፎርዋርድ» የሚባለው በእግር ኳስ እንደለመድነው ጎል አግቢ አይደለም። ከመቶ ኪሎ በላይ የሚመዝኑ ሁለትና ሦስት ሰዎች ወደቆሙበት ቀጥ ብሎ የሚገባው፣ ኳሱ ሲጠፋ ደግሞ ዞሮ ሌላውን የሚጥለው እሱ ነው። በአንድ ጨዋታ 30 እና 40 ጊዜ ሰው መጣል ለፎርዋርድ የተለመደ ሥራ ነው። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» እንደሚባለው፣ እዚያም ሜዳ ላይ ለደረሰ ጉዳት ማንም ቂም አይዝም። ችግሩ ግን እንደ መንጋጋ የሚታይ፣ እንደ ክንድ በጀሶ የሚጠገን ጉዳት ብቻ አለመሆኑ ነው።

ኮርድነር የአውስትራሊያው የኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት የባሕር ዳርቻ ከተማ የሆነችው የኦልድ ባር ልጅ ነው። በ2011 ለሩስተርስ የመጀመሪያ ጨዋታውን አደረገ፤ ከዚያ በኋላም ሌላ ክለብ አያውቅም። ገና በወጣትነቱ በ2013 ዋንጫ አነሣ፤ በ2018 እና በ2019 ደግሞ አምበል ሆኖ ደገመው። በ2017ቱ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ አውስትራሊያ እንግሊዝን 6 ለ 0 ስታሸንፍ ነጥብ ለማስቆጠር ኳሱን ከመስመር ጀርባ መሬት ያስነካው እሱ ብቻ ነበር። የግዛቱን የኒው ሳውዝ ዌልስን ቡድን በአምበልነት መርቶ በ2018 እና በ2019 የጎረቤት ግዛቱን የኩዊንስላንድን ቡድን አሸንፏል። በየመሐሉ ጉዳት እየጣለው እየተነሣ ነው ይህን ሁሉ ያደረገው። በ2018ቱ ፍጻሜ እንኳ የቡድን ጓደኛው ኩፐር ክሮንክ የትከሻው አጥንት ተሰንጥቆ ገብቶ ተጫውቷል። ኮርድነር ያደገው ሕመምን ችሎ መጫወት እንደ ዕለት እንጀራ በሚታይበት ቤት ነው።

2020 ግን ሌላ ዓይነት ዓመት ሆነበት። በዚያ የውድድር ዘመን ጭንቅላቱ ደጋግሞ ተመታ፤ አንጎሉ ደጋግሞ ተናጋ። ኖቬምበር 4 ቀን አዴሌድ ላይ ኒው ሳውዝ ዌልስ ከኩዊንስላንድ ሲጫወት እንደገና ተመታ። ከሜዳ ወጥቶ ተመረመረ፣ ምርመራውን አለፈ ተብሎ ተመልሶ ገባ። ኒው ሳውዝ ዌልስ 18 ለ 14 ተሸነፈ። ኮርድነር ከዚያ ቀን በኋላ ሜዳ አልረገጠም። ወራት ዕረፍት ተሰጠው፤ ይመለሳል ተብሎ ተጠበቀ፤ በጁን ወር ግን አቆመ።

ያ ወደ ሜዳ የተመለሰበት ቅጽበት ነው ዕረፍት የሚነሣኝ። መንጋጋው የተሰበረ ሰው ሕመሙን ያውቀዋል፤ ልቻለው ወይስ ልውጣ ብሎ የሚመዝንበት አእምሮ ጤነኛ ነው። አንጎሉ የተናጋ ሰው ግን የሚመዝንበት ሚዛን ራሱ ነው የተጎዳው። «ደህና ነኝ» ሲል ዋሽቶ ላይሆን ይችላል፤ እውነትም ደህና የሆነ ይመስለዋል። እንግዲህ እንዲህ ያለውን ውሳኔ ለተጫዋቹ ወኔ መተው ምን ይባላል? ያውም አምበል ለሆነ፣ ስለ ሳትለርና ስለ ቸርችል እየሰማ ላደገ ሰው።

የሳትለርን ታሪክ የሚተርኩ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ዋንጫው ላይ ያቆማሉ። ሳትለር በ2023 በ80 ዓመቱ ሲያርፍ የመጨረሻ ዓመታቱን ያሳለፈው ከመርሳት በሽታ ጋር ነበር። መንስኤው ጨዋታው ነው ብዬ አልፈርድም፤ እኔ ሐኪም አይደለሁም። ሆኖም በዚያው ክለብ አምበል የነበረው ፎርዋርድ ማሪዮ ፌኔክም ገና በጎልማሳነቱ በዚሁ በሽታ መያዙን ቤተሰቡ ለሕዝብ ተናግሯል። የካንተርበሪው ፎርዋርድ ስቲቭ ፎልክስ በ2018 በ59 ዓመቱ ሞቶ አንጎሉ ሲመረመር፣ ጭንቅላታቸው ለዓመታት በተደጋጋሚ የተመታ ሰዎችን የሚያጠቃው ሲቲኢ የተባለ በሽታ ተገኝቶበታል። ይህ በሽታ እስከ ዛሬ በእርግጠኝነት የሚታወቀው ሰውዬው ከሞተ በኋላ ነው። ኮርድነር እንዲህ ያለ በሽታ ሳይመጣበት ማቆሙ ለምን እንደገረመኝ ከዚህ ይገባችኋል።

ሊጉ ዝም ብሎ አልተቀመጠም፤ ይህን መካድ ተገቢ አይደለም። በ2021 ጭንቅላት በሚነካ አጣጣል ላይ ቅጣቱ ጠነከረ፤ ብዙ ደጋፊ ጨዋታው ተበላሸ ብሎ ጮኸ። በ2022 ከክለቦቹ ነጻ የሆነ ሐኪም ጨዋታውን በቪዲዮ እየተከታተለ ተጫዋች የሚያስወጣበት ሥርዓት መጣ። ከ2023 ጀምሮ አንጎሉ የተናጋ ተጫዋች በመደበኛው ቢያንስ 11 ቀን ያርፋል። እነዚህ ሁሉ መልካም ናቸው። ግን ሁሉም የሚመልሱት የዛሬን ወይም የሚቀጥለውን ሳምንት ጥያቄ ነው። «ከእንግዲህ በቃህ» የሚለውን ከባድ ቃል የሚናገረው ማን ነው? በ2021፣ በኮርድነር ክለብ በሩስተርስ፣ ሌላው አምበል ጄክ ፍሬንድም በተመሳሳይ ምክንያት ከኮርድነር ሁለት ወር ቀድሞ አቁሟል። ሁለቱም ዋንጫ ጠግበዋል፤ ስማቸው ተተክሏል፤ ማቆም ቢከብዳቸውም የሚያቆሙበት መሬት አላቸው።

እኔን የሚያሳስበኝ 22 ዓመቱ የሆነው፣ ስሙን ከደጋፊው ግማሹ የማያውቀው፣ ውሉ በዓመቱ መጨረሻ የሚያልቅበት ፎርዋርድ ነው። እሱ ራሴን አመመኝ ካለ ቦታው በሌላ ይሞላል። ክለቡም በደመወዝ ጣሪያ፣ ማለትም አንድ ክለብ ለተጫዋቾቹ በድምሩ ሊከፍል በሚፈቀድለት ከፍተኛ መጠን፣ ታስሮ ለማይጫወት ሰው መክፈል ይከብደዋል። ስለዚህ ሁለቱም ዝም ቢሉ ይጠቀማሉ፤ ቢያንስ ለዚያ ዓመት።

ይህ ጨዋታ እንዴት እንደተወለደ ማስታወስ እዚህ ላይ ይጠቅማል። በ1895 ሃደርስፊልድ ከተማ በአንድ ሆቴል የተሰበሰቡት የሰሜን እንግሊዝ ክለቦች ከሌላው ራግቢ የተለዩት በጨዋታ ሕግ ተጣልተው አልነበረም። ተጫዋቾቻቸው የማዕድን ቆፋሪዎችና የፋብሪካ ሠራተኞች ነበሩ፤ ሊጫወቱ ሲሄዱ የቀን ደመወዛቸው ይቀራል። ክለቦቹ ያን የቀረ ደመወዝ እንክፈል አሉ፤ የራግቢው ማኅበር እምቢ አለ፤ ተለያዩ። ራግቢ ሊግ ማለት ለጠፋ የሥራ ቀን ካሳ ለመክፈል የተመሠረተ ጨዋታ ነው።

ለጠፋ ቀን ለመክፈል የተቋቋመ ጨዋታ ለጠፉ ዓመታት መክፈል አይሳነውም። ሐኪም ያስቆመው ተጫዋች የቀረው የውል ደመወዝ ሳይሸራረፍ ይከፈለው፤ ገንዘቡም ከክለቡ የደመወዝ ጣሪያ ውጪ ይሁን። ውሉ ሊያልቅ ለተቃረበውም ቢያንስ የአንድ የውድድር ዘመን ክፍያ ይጠበቅለት። ውሳኔውንም ክለቡ የማይቀጥራቸው፣ አሠልጣኙ የማይደውልላቸው ሐኪሞች ይስጡ። ያኔ ያ 22 ዓመት የሞላው ልጅ ከሜዳ ወጥቶ ሐኪሙ ፊት ሲቀመጥና «ምን ይሰማሃል?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ ራሴን አመመኝ ለማለት የቤት ኪራዩን ማሰብ አይኖርበትም።