ጢሱ የማን ነው?

ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። አትቀየሙኝ፤ ቁጣው ለእኔም ይተርፋል።

«የካርቦን ልቀታችን ቀነሰ» የሚል ዜና በሰማን ቁጥር እናጨበጭባለን። ፋብሪካውን ዘግተን ምርቱን ከባሕር ማዶ ካስመጣን ግን ምኑን ቀነስነው? ጢሱን ወደ ጎረቤት ግቢ አዞርነው እንጂ።

የአገሮች ልቀት የሚመዘገበው ነዳጁ በተቃጠለበት ቦታ ነው። ብረት ያቀለጠው አገር ጢሱ ይጻፍበታል፤ ብረቱን የገዛው ደብተሩ ንጹሕ ነው። በዓለም ከሚለቀቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ20 እስከ 25 በመቶ የሚሆነው ድንበር የሚሻገር ዕቃ ሲመረት የሚወጣ ነው። ቻይና እ.ኤ.አ. በ2001 የዓለም ንግድ ድርጅትን ተቀላቀለች፤ በ2006 አካባቢ አሜሪካን በዓመታዊ ልቀት በለጠች። በዚያ ጢስ ውስጥ የስንታችን ጫማና ቴሌቪዥን አለ? እኛ ግን ዕቃውን ቤታችን አስገብተን «በካዮቹ እነሱ ናቸው» እንላለን። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች! ውቅያኖስ አቋራጭ መርከቦችማ ጭራሽ ባለቤት የላቸውም። ከዓለም ልቀት 3 በመቶ ገደማ ይይዛሉ፤ በየትኛውም አገር ድምር ግን አይገቡም።

ንግድ ይቁም አልወጣኝም። የፀሐይ ፓነል እንዲህ የረከሰው በዓለም ገበያ ስለተቸበቸበ ነው። ዕድገትም ይቅር አላልኩም፤ በጨለማ የሚያመሽ ሰው መብራት ይገባዋል። ጥያቄው መብራቱ ከየት ይመጣል ነው። አንድ ቶን አሉሚኒየም ለማምረት 14 ሜጋዋት ሰዓት ያህል ኤሌክትሪክ ይፈጃል። ኤሌክትሪኩ ከድንጋይ ከሰል ከመጣ ለዚያች አንድ ቶን ከ10 ቶን በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፤ ከውኃ ኃይል ከመጣ በጣም ያነሰ። ሁለቱን አሉሚኒየሞች አጠገብ ለአጠገብ ብታስቀምጧቸው አትለዩአቸውም።

«ቆጣቢ ማሽን ገዛሁ» እያላችሁ የምትኩራሩም አላችሁ። ዊሊያም ስታንሊ ጄቮንስ የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1865 አንድ ነገር አስተውሎ ነበር። የእንፋሎት ሞተር በጥቂት ከሰል መሥራት ሲጀምር የከሰል ፍጆታው ጨመረ፤ ሞተሩ ርካሽ ስለሆነ ሁሉም ተከለው። እኛስ? ቆጣቢ አምፖል ገዝተን ሌሊቱን ሙሉ አብርተን እናድራለን። እኔም አለሁበት።

እና ወገኖቼ፣ ባለሥልጣን መድረክ ላይ ወጥቶ «ልቀታችን ወረደ» ሲላችሁ እጃችሁን ሰብስቡ። መጀመሪያ «ያስመጣነውስ ተቆጥሯል ወይ?» በሉት።